ግራ እግርን ያሳረፈው ካምቢዮ

በ1905 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሽቴቲን በሚገኘው የቩልካን የመርከብ ግንባታ ድርጅት ይሠራ ነበር። ከተማዋ ዛሬ የፖላንድ ናት። ያስጨነቀው የመርከብ እንጂ የመኪና ጉዳይ አልነበረም። አዲሱ የእንፋሎት ተርባይን እጅግ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ መርከቡን የሚገፋው ፕሮፔለር ደግሞ ዝግ ብሎ ካልዞረ ውሃውን ያንቦጫርቃል እንጂ መርከቡን በወጉ አይገፋም። ያን ሁሉ ኃይል ተሸክሞ ፍጥነቱን የሚቀንስ ባለጥርስ ማርሽ መሥራት በዘመኑ ከባድ ነበር። ፎቲንገር ጥርሱን ትቶ በመሐል ፈሳሽ አስገባ፤ በዚያው ዓመትም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

የውሃ ወፍጮ አይቶ የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ወፍጮውን የሚያዞረው ከላይ የሚወረወረው ውሃ ነው፤ እዚህ ግን ወንዙን የሚፈጥረው ሞተሩ ራሱ ነው። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው መዘውር ፈሳሹን ይወረውራል፤ ሁለተኛው መዘውር በክንፎቹ ተቀብሎ ይዞራል፤ ኃይሉንም ወደፊት ያስተላልፋል። በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ሥራውን ጨርሶ የሚመለሰውን ፈሳሽ አቅጣጫ አስቀይሮ የመጀመሪያውን መዘውር እንዲያግዝ ያደርገዋል። ትልቁ ሚስጥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ቆሞ የነበረ ነገር መንቀሳቀስ ሲጀምር ሞተሩ ከሰጠው የበለጠ የማሽከርከር ጉልበት ይገኛል፤ ፍጥነት ሲጨምር ጭማሪው እየሳሳ ይሄዳል። ብረት ብረትን አይነካም፣ የሚበላ የፍሪሲዮን ሸራ የለም፣ ጎማው ሲቆም ሞተሩ አይጠፋም። ዛሬ መካኒኮች ቶርክ ኮንቨርተር የሚሉት ይህንን ነው።

እንከኑም አብሮት ተወለደ። ፈሳሽ ምንጊዜም ጥቂት ያንሸራትታል። የተንሸራተተው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ሙቀቱን ያመጣው ደግሞ በገንዘብ የተገዛ ነዳጅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የከባድ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ታሪክ ይህን ጥቅም ፈልጎ ይህን ኪሳራ ሊሸከም የፈቀደው ማን ነው የሚል ታሪክ ነው። እኔ እስከገባኝ ድረስ ጎዳናውን የከፈተለት ምቾት ፈላጊ አልነበረም። ሥራው ሄዶ መቆም፣ ቆሞ መሄድ የሆነ ሰው ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ የቆሻሻ መኪና ሹፌር፣ ታንከኛው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው።

በ1915፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ዓመት፣ ኋላ በአንድ ገበያ የሚጋጠሙ ሁለት ድርጅቶች በሁለት አህጉር ተመሠረቱ። አንዱ በደቡብ ጀርመን፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ፍሪድሪክስሃፈን የተቋቋመው ዜድኤፍ ነው። ሥራው ለዜፕሊን የአየር መርከቦች ጥራት ያለው ማርሽ ማምረት ነበር። ሌላው በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት፣ ከኢንዲያናፖሊስ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ የተከፈተው የጄምስ አሊሰን ወርክሾፕ ነው። አሊሰን በ1909 ያን ሜዳ ከመሠረቱት አራት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ሀብቱን ያገኘው ለመኪና የፊት መብራት የሚሆን ጋዝ በመሸጥ ነው። ወርክሾፑን የከፈተው የእሽቅድምድም መኪናዎቹን የሚጠግን፣ የሚያሻሽል፣ ካስፈለገም ዕቃውን ከባዶ የሚሠራ እጀ ወርቅ ሠራተኛ ለመሰብሰብ ብሎ ነው።

በ1919 ሃውዲ ዊልኮክስ የአሊሰንን ፔጆ እየነዳ የኢንዲያናፖሊስን ውድድር አሸነፈ። አሊሰን ግን ከዚያ በኋላ ልቡ ወደ ሌላ ዞረ። በጦርነቱ ጊዜ ወርክሾፑ ሊበርቲ ለተባለው የአውሮፕላን ሞተር መሥሪያ መሣሪያዎችን ሲሠራ ቆይቶ ነበር፤ ኖርማን ጊልማን የተባለው የድርጅቱ መሐንዲስ ጀርባው ብረት፣ ፊቱ ነሐስ የሆነ ጠንካራ ኩሽኔታ በመፍጠሩ ደግሞ ቤቱ በአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎች ዘንድ ስም አገኘ። አሊሰን በ1928 ሞተ። በ1929 ጄኔራል ሞተርስ ድርጅቱን ገዛው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቪ-1710 የተባለ ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር ወደ 70,000 ገደማ አምርቷል፤ ፒ-38 እና ፒ-40 ተዋጊ አውሮፕላኖች የበረሩት በእርሱ ነው።

የመርከቡ ፈጠራ ወደ አስፋልት የወጣው በዚህ መሐል ነው። በ1930ዎቹ የስዊድናዊው አልፍ ሊስሆልም ቶርክ ኮንቨርተር በእንግሊዝ የሌይላንድ አውቶቡሶች ላይ ተገጠመ፤ ሹፌሮቹ ማርሽ ሳይቀያይሩ ከፌርማታ ይነሱ ጀመር። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ሃይድራማቲክ የተባለውን ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዞ ቀረበ። በጦርነቱም ኤም5 እና ኤም24 የተባሉት ቀላል ታንኮች በዚሁ ካምቢዮ ነበር የሚሠሩት። የቤት መኪና ዕቃ ታንክ ውስጥ ገብቶ ከሠራ፣ ለታንክ ተብሎ ቢሠራማ ምን ያህል ይሻል ነበር የሚለው ጥያቄ ራሱ መጣ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የጥያቄው መልስ የአሊሰን የሥራ ድርሻ ሆነ። የአውሮፕላኑ ዓለም ፒስተን ሞተርን ትቶ ወደ ጄት እየዞረ ነበር፤ ድርጅቱ በአንድ በኩል ከጄቱ ጋር እየሄደ በሌላ በኩል ካምቢዮን ዋና ሥራው አደረገ። ሲዲ-850 የተባለው የታንክ ካምቢዮ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ዕቃ ካምቢዮ ብቻ አልነበረም። ፍጥነት መቀየሪያውም፣ ታንኩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞሪያውም፣ ፍሬኑም በአንድ ሳጥን ታጭቀው ነበር። ቀደም ሲል የታንክ ሹፌር ሁለት ረጃጅም ማንሻ በሁለት እጁ እየጎተተ፣ ፍሪሲዮን በእግሩ እየረገጠ ጉልበቱን ይጨርስ ነበር። ኤም46 ፓተን ውስጥ የገባው ሹፌር ግን አርባ ቶን ያለፈውን ብረት በአንዲት አጭር ዱላ ይመራ ጀመር፤ በኋላ በመጣው ኤም48 ደግሞ ዱላዋ በመሪ ተተካች። ከኤም46 እስከ ኤም60 ድረስ ያለው የፓተን ትውልድ የተንቀሳቀሰው በዚሁ ካምቢዮ ነው።

ኤም46 በ1950 ኮሪያ ዘመተ። ከግንቦት 1951 ጀምሮ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈውም በዚያው ጦርነት ነው። ካምቢዮው ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው ግን በታናሽ ወንድሙ በኩል ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከአሜሪካ የተገኘው ኤም41 ታንክ ሲዲ-500 የተባለውን የአሊሰን ካምቢዮ የተሸከመ ነበር። ከተማው ውስጥ ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ያየ ሰው ብርቅ በሆነበት ጊዜ የእኛ ታንከኞች ያለ ፍሪሲዮን ይነዱ እንደነበር ሳስብ ይደንቀኛል። ስለ አገራችን መኪና ስናወራ የጦር ሠራዊቱን ጋራዥ አብዝተን እንረሳለን።

ከጦር ሜዳው ጎን ለጎን አውቶቡሱ በራሱ መንገድ ይሄድ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ የአውቶቡሱን ሞተር ከኋላ ወንበር ሥር በአግድም ያስቀምጠው ነበር፤ ኃይሉ ወደ ኋላ አክሰል የሚደርሰው ማዕዘን ሠርቶ በሰያፍ በሚወጣ ዘንግ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ አሊሰን ለዚህ አቀማመጥ የሚስማማ ካምቢዮ አቀረበ። አውቶቡሱ ከፌርማታ ሲነሳ በቶርክ ኮንቨርተሩ ይጎተታል፤ ፍጥነት ሲይዝ ኮንቨርተሩ ይታለፍና ሞተሩ በቀጥታ ከጎማው ጋር ይያያዛል። የመንሸራተቱ ኪሳራ በመነሻው ላይ ብቻ ተወሰነ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ በኋላ በከባድ መኪና ካምቢዮ ሁሉ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

የሞዴል ስም ምን ያህል ታሪክ እንደሚይዝ ለማየት አንድ አውቶቡስ በቅርበት እንመልከት። ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ፣ አላባማ መቀመጫዋን አልለቅም ብላ የታሰረችበት አውቶቡስ ቁጥሩ 2857 ሲሆን፣ በ1948 የተሠራ ቲዲኤች-3610 የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ሞዴል ነው። ዛሬ ሚሺጋን ውስጥ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይገኛል። ከስሙ ፊደሎች የመጀመሪያው የከተማ ማመላለሻ መሆኑን፣ ሁለተኛው በናፍጣ መሥራቱን፣ ሦስተኛው ደግሞ ካምቢዮው ሃይድሮሊክ መሆኑን ይናገራሉ፤ 36 የመቀመጫው ቁጥር ነው። ሹፌሩ በፍሪሲዮን የሚነዳው ሲሆን ሦስተኛው ፊደል ኤም ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ከተማ አውቶቡስ ከአንዲት ፊደል በላይ ማስታወቂያ ሳያስፈልገው አውቶማቲክ ሆኖ ነበር። የጭነት መኪናው ገና አልደረሰም።

የጭነት መኪናው ተራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደረሰ። አሊሰን ኤምቲ የተባለውን መካከለኛ ካምቢዮ አወጣ፤ ሸቭሮሌም ፓወርማቲክ በሚል ስም ባለስድስት ማርሽ አድርጎ በጭነት መኪናዎቹ ላይ ሸጠው። በዚህ ካምቢዮ ውስጥ እስካሁን ያላነሣሁት አንድ ክፍል ነበረበት። ሪታርደር ይባላል። ክንፍ ያለው መዘውር በዝግ ክፍል ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሹፌሩ ሲፈልግ ክፍሉ በዘይት ይሞላና መዘውሩን ይይዘዋል፤ መኪናው የጎማውን ፍሬን ሳይነካ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የዚህን ጥቅም ለኢትዮጵያ ሹፌር ማስረዳት አያስፈልግም። ጭነት ሞልቶ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የወረደ የኤንትሬ ፊያት ሹፌር ማርሹን ገና ከላይ ከባድ ላይ አስገብቶ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን እያቆየ ነበር የሚወርደው። ፍሬኑ ግሎ እምቢ ካለ ገደሉ ቅርብ ነው፤ በቁልቁለት መሐል ማርሽ ቀይራለሁ ብሎ ዜሮ ላይ የቀረ መኪና ደግሞ የሚያቆመው የለም። ሪታርደር ዘይቱ እስከቀዘቀዘለት ድረስ ያለ ሸራ የሚይዝ ፍሬን ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሻጮች ስለ ምቾት ከማውራት ይልቅ ስለዚህ ክፍል ብቻ ቢያወሩ ኖሮ የተራራ አገር ሹፌሮችን ቀደም ብለው ባሳመኑ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1970 ጄኔራል ሞተርስ አሊሰንን ከናፍጣ ሞተር ክፍሉ ጋር አዋህዶ ዲትሮይት ዲዝል አሊሰን አለው። ወዲያው ለረጅም ዓመታት መንገዱን የሞሉት ሦስት የሞዴል ቤተሰቦች ወጡ፤ ኤቲ፣ ኤምቲ እና ኤችቲ፣ ማለትም ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ። ቁጥራቸውን ማንበብ ለለመደ መካኒክ ቀላል ነው። የመጀመሪያው አሃዝ የካምቢዮውን ግዝፈት ይነግራል፤ 5 ለኤቲ፣ 6 ለኤምቲ፣ 7 ለኤችቲ። ሁለተኛው የማርሹን ብዛት ይነግራል። ኤቲ 540 አራት ማርሽ፣ ኤምቲ 650 አምስት፣ ኤችቲ 740 አራት፣ ኤችቲ 750 አምስት አለው። የመጨረሻው አሃዝ የአሠራር ልዩነት ያመለክታል፤ ኤምቲ 643 ፍጥነት ሲይዝ ኮንቨርተሩን የሚቆልፍ ክላች አለው።

የዚህ መቆለፊያ መኖርና አለመኖር በሹፌሩ ኑሮ ላይ ልዩነት ያመጣል። ኤቲ 545 በአሜሪካ ቢጫ የተማሪ አውቶቡሶች ላይ በብዛት ተገጥሟል። ሜዳ ላይ ልጅ እየጫነ ከቤት ቤት ለሚዞር አውቶቡስ ርካሽና የሚበቃ ካምቢዮ ነበር። መቆለፊያ ግን የለውም። ረጅም ዳገት ሲገጥመው ኮንቨርተሩ ሲያንሸራትት ይውልና ዘይቱ ይግላል፤ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ መኪናውን በወጉ አይዝለትም። ለገላጣው ሜዳ የተመረጠ ሞዴል ተራራ ላይ ሲወጣ ሹፌሩም ካምቢዮውም ይሠቃያሉ። መኪና ሲገዛ ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው የካምቢዮውን ቁጥር ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ ግማሹን መኪና ሳያይ ገዝቷል።

እነዚህ ሦስት ቤተሰቦች መጀመሪያ የያዙት ገበያ ከላይ ሄዶ ስለመቆም ያልኩትን ያረጋግጣል። የቆሻሻ መኪና ሹፌር በአንድ ፈረቃ ብዙ መቶ ጊዜ ቆሞ ይነሣል። በማኑዋል ካምቢዮ ያን ያህል ጊዜ ፍሪሲዮን መርገጥ የሸራ ብቻ ሳይሆን የጉልበት መገጣጠሚያ ጉዳይ ነው፤ ባለንብረቱ የፍሪሲዮኑን ወጪና መኪናው ጋራዥ የሚቆምበትን ቀን ሲደምር አውቶማቲኩ ረከሰለት። የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ ውሃ ተሸክሞ፣ ቀዝቃዛ ሞተር አስነሥቶ፣ በመኪና ብዛት መሐል እየሰነጠቀ ይከንፋል፤ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ፣ እጁን ከመሪው ባያነሣ ይመረጣል። የኮንክሪት ማደባለቂያው፣ በረሃ ላይ የነዳጅ ጉድጓድ የሚቆፍረው መኪና፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ተሽከርካሪ ተከተሉ። ለከተማ አውቶቡስ በ1970ዎቹ ቪ730 የተባለ ባለሦስት ማርሽ መጣ። በአውሮፓ በኩልም ፎይት የተባለው ድርጅት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዲዋ የተባለውን የአውቶቡስ ካምቢዮ ሲያመርት ቆይቷል፤ ዜድኤፍም በ1980ዎቹ ኤኮማት የተባለውን ይዞ በከተማ አውቶቡስ ገበያ ጠነከረ።

ረጅሙ መንገድ ግን በሩን አልከፈተም። ከዳር ዳር አሜሪካን የሚያቋርጠው ባለተሳቢ መኪና የኢተን ፉለር ማኑዋል ካምቢዮ ታማኝ ሆኖ ቀረ፤ ኢተን በ1958 በካላማዙ የነበረውን የፉለር ፋብሪካ ከገዛ ወዲህ በዚህ ገበያ ላይ ነግሦ ነበር። ካምቢዮው ባለ 10፣ ባለ 13፣ ኋላም ባለ 18 ማርሽ ነው፤ ማርሾቹን የሚያመሳስል መሣሪያ የለውም። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው እየለካ፣ የማርሽ ዱላው ላይ ያለችውን የአየር ቁልፍ በጣቱ እየገፋ ማርሹን ያስገባል። ይህን አሳምሮ የሚያደርግ ሰው ባለሙያ ነው፤ በሙያውም ይኮራል። ኩራቱ ብቻ አልነበረም ያስቸገረው። ከተነሣ በኋላ ለሰዓታት በአንድ ማርሽ ለሚሄድ መኪና የቶርክ ኮንቨርተር ጥቅም ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ፣ ክብደቱም ብዙ ነው። በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ መጥቶ ናፍጣ ሲወደድ ክርክሩ ለጊዜው ተዘጋ።

የከፈተው ኮምፒውተር ነው። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ የሚወስነው በዘይት ግፊት ነበር፤ በጠባብ ቧንቧዎችና በስፕሪንግ በሚገፉ ቫልቮች የተሞላ ውስብስብ ብረት ነበር። አሊሰን ይህን ሥራ ቀስ በቀስ ለኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ አስረከበ። በ1991 ደግሞ የድሮዎቹን ቤተሰቦች የሚተካ አዲስ ትውልድ አወጣ፤ ወርልድ ትራንስሚሽን ተባለ። ኤምዲ 3060 ለመካከለኛ፣ ኤችዲ 4060 ለከባድ፣ ቢ 300፣ ቢ 400 እና ቢ 500 ለአውቶቡስ ነበሩ። ስድስት ማርሽ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቅየራ እየለካ ቀጣዩን ያስተካክላል፤ ስለዚህ ማርሽ የሚቀይሩት የውስጥ ክላቾች ሸራ እየሳሳ ቢሄድም ካምቢዮው አነጣጠሩን ይጠብቃል።

የዚህ ትውልድ ሹፌር ፊት ለፊት የሚያየው ዱላ ሳይሆን ጥቂት ቁልፎች ያሏት ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ዜሮ፣ አንዱ ወደፊት፣ ሁለቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክቱ ቀስቶች። ዘይት ልለካ ሲል ኮፈን ከፍቶ ዘንግ መምዘዝ የለበትም። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቆማል፣ ዜሮ ያደርጋል፣ ሁለቱን ቀስቶች አንድ ላይ ይጫናል። ዘይቱ እስኪረጋ ድረስ ቁጥር ከ8 ወደ 1 እየቆጠረ ይወርዳል፤ ከዚያ ዘይቱ ልክ ከሆነ ኦኬ ይለዋል፣ ከጎደለም ስንት እንደጎደለ ይነግረዋል። ሌሊት በፋኖስ ዘይት ለክቶ እጁን በጨርቅ የጠረገ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

በ1993 ከ1915 ጀምሮ በየፊናቸው የመጡት ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። ገንዘብ የቸገረው ጄኔራል ሞተርስ የአሊሰንን ካምቢዮ ክፍል ለዜድኤፍ ሊሸጥ ተስማማ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኅዳር ወር ክስ አቀረበ። የክሱ ፍሬ ነገር ከእነዚህ ሁለት ተፎካካሪዎች አንዱ ሌላውን ከዋጠ የአሜሪካ የቆሻሻ መኪናና የከተማ አውቶቡስ ገዢ ምርጫ ያጣል፣ አዲስ ካምቢዮ ለመፍጠር የሚደረገውም ሩጫ ይቀዘቅዛል የሚል ነበር። ሽያጩ ቀረ። ጉዳዩ በሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ የሚነሣው ለዋጋ ፉክክር ብቻ ሳይሆን ለፈጠራ ፉክክርም ጥብቅና ስለቆመ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መንግሥት ለሙግት የመረጣቸው ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ የቆሻሻ መኪናና የከተማ አውቶቡስ። የተመረጡት የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ባለቤቶች ሌላ አማራጭ ስለሌላቸው ነው፤ ያለ አውቶማቲክ ሥራቸው አይሠራም።

አሊሰን በጄኔራል ሞተርስ እጅ ቆየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለቀላል የንግድ መኪና 1000፣ 2000 እና 2400 የተባሉትን ሞዴሎች አወጣ፤ 1000 በ2001 ሞዴል ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ ላይ ከዱራማክስ ናፍጣ ሞተር ጋር ተጣምሮ በግለሰቦችም ዘንድ ታወቀ። ኤምዲና ኤችዲም ስማቸውን ለ3000 እና ለ4000 ለቀቁ። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ቁጥር ይህ ነው።

ረጅሙን መንገድ የያዘው ግን ሌላ ዓይነት አውቶማቲክ ነው። መርሴዲስ በ1985፣ ሌሎቹም በ1990ዎቹ ማኑዋሉን ካምቢዮ ሳያፈርሱ የሹፌሩን እጅና እግር ሥራ ለአየርና ለኮምፒውተር መስጠት ጀመሩ። ቮልቮ በ2001 ያወጣው አይ-ሺፍት የሐሳቡ ምሳሌ ሆነ። 12 ማርሽ አለው፤ ውስጡ የድሮው ጥርስ፣ የድሮው ደረቅ ፍሪሲዮን ነው፤ ፔዳሉ ብቻ የለም። ኮንቨርተር ስለሌለው የሚንሸራተት ኃይል የለም፤ ኮምፒውተሩም ከሸክሙና ከዳገቱ ጋር አገናዝቦ ስለሚቀይር ጀማሪውን ሹፌር በናፍጣ ቁጠባ ከአንጋፋው ጋር ያቀራርበዋል። የትራንስፖርት ባለንብረቶችን ያሸነፈው ይህ ነው። በሰሜን አሜሪካም ቮልቮ፣ ማክ፣ ዲትሮይትና ኢተን ራሱ በዚህ መንገድ ሄዱ። አሊሰን ቲሲ10 የተባለ ባለአሥር ማርሽ ካምቢዮ ከኮንቨርተር ጋር ይዞ ባለተሳቢውን ገበያ ሞክሮት ነበር፤ ገበያው ግን አልተገላበጠም።

ሁለቱ ዓይነቶች እርስ በርስ ያልተጠፋፉበት ምክንያት አንድ ነው። ባለፍሪሲዮኑ አውቶማቲክ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ሞተሩ ለአፍታ ከጎማው ይለያል። አውራ ጎዳና ላይ ማንም አያስተውለውም። በየሃያ ሜትሩ የሚቆም የቆሻሻ መኪና ወይም ዳገት ላይ የሚነሣ የእሳት አደጋ መኪና ግን ያችን አፍታ ያጣታል። የአሊሰን ዓይነቱ አንዱን ክላች ሲለቅ ሌላውን እየያዘ ኃይሉን ሳያቋርጥ ይቀይራል። ለዚህም ነው መንገዱ ለሁለት የተከፈለው፤ የሚቆመው ለአንዱ፣ የሚሄደው ለሌላው።

ለውጡ መንጃ ፈቃድ ድረስ ዘልቋል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የከባድ መኪና ፈተናውን ፍሪሲዮን በሌለው መኪና የወሰደ ሹፌር ፈቃዱ ላይ ኢ የሚል ፊደል ይታተምበታል፤ ማኑዋል የንግድ መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። በዚያ አገር ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ፊደል ያውቁታል። አገር ቤት በማኑዋል ዕድሜውን የገፋ ሰው ሳይቀር ትምህርት ቤቱ ያቀረበለት መኪና አውቶማቲክ ከሆነ ፊደሏ አትቀርለትም። ምክሬ ግልጽ ነው፤ ማኑዋል መንዳት የሚችል ሰው በማኑዋል ይፈተን።

በ2007 ጄኔራል ሞተርስ አሊሰንን ካርላይልና ኦኔክስ ለተባሉ ባለሀብት ድርጅቶች በ5.6 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ2012 አክሲዮኑ ለሕዝብ ቀረበ። ከሽያጩ ጥቂት ቀደም ብሎ አሊሰን ለአውቶቡስ በናፍጣና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ድብልቅ ካምቢዮ ሠርቶ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል በ2004 ይህ የተገጠመላቸውን፣ 18 ሜትር የሚረዝሙና መሐላቸው የሚተጣጠፍ ከ200 በላይ አውቶቡሶች በአንድ ጊዜ ገዛች። አሁንም መጀመሪያ የመጣው አውቶቡሱ ነው።

ኤሌክትሪክ ሞተር ሲመጣ ብዙ ሰው ካምቢዮ አበቃለት ብሎ ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ሲቆምም አይጠፋም፤ ፎቲንገር በፈሳሽ ያገኘውን ያለ ፈሳሽ አገኘው ማለት ነው። አሊሰን በ2020 ኢጄን ፓወር በሚል ስም ሞተሩ ከአክሰሉ ጋር አንድ የሆነባቸውን ምርቶች አቀረበ። ከእነዚህ መካከል 100ዲ የተባለው ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉት፤ ከእነርሱም ጋር ሁለት ማርሽ ያለው ካምቢዮ ተቀምጧል። ከባድ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ላይ ለመነሣት የሚያስፈልገው ማርሽና አውራ ጎዳና ላይ ለመክነፍ የሚያስፈልገው ማርሽ አንድ ሊሆን ስላልቻለ መሐንዲሶቹ ሁለቱንም አስገቡ።